ሲግ ወዴት ሄደ? ከጋራው ማዶ የጠፋው ቆርኬ

ድሬ እንደሁልጊዜው ትፋጃለች፣ እኛም እንደሁልጊዜው ሥራ ፈትተን ነገር ፍለጋ ላይ ነን።

ባለፈው ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሦስታችን ቀፊራ ነበርን። ልንገዛ አይደለም፤ ኪሳችንን ታውቁታላችሁ። በስልካችን ላይ አንድ ፎቶ ይዘን በየሱቁ በራፍ እየቆምን "ይቺን እንስሳ ታውቋታላችሁ?" እያልን ሰው ስናስቸግር ነበር። ሰልባጅ የሚሸጠው ልጅ ገና ከማየቱ "አጋዘን ናት" ብሎ ወደ ሱሪዎቹ ተመለሰ። ሽንኩርት የዘረጉ እናት ስልኩን ጠጋ አድርገው አዩና "ኧረ ልጆቼ፣ ይሄማ በቅሎ ነው። ቀንድ ያበቀለ በቅሎ!" አሉን። በሳቅ ሞትን፤ ግን ደግሞ እውነታቸውን ነው፤ ፊቱ ረዝሞ ረዝሞ የበቅሎ ነው የሚመስለው። አንድ የባጃጅ ሹፌር "ስሙ ማን ነው?" ሲለን "ቆርኬ" አልነው። "የምን ቆርኪ? የቢራ?" አለን። እንግዲህ እንዲህ ነው፤ ይህ ታላቅ እንስሳ በገዛ አገሩ ከጠርሙስ ክዳን ጋር ተምታታ።

አሥራ ምናምን ሰው ጠይቀን ልንተወው ስንል ነው አንድ ከጅግጅጋ በኩል ለሱቃቸው ዕቃ ሊጭኑ የመጡ ሽማግሌ ያገኘነው። ጥላ ሥር ሻይ ይጠጣሉ። "አዴር፣ ይቅርታ" ብለን ፎቶውን አሳየናቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት። ከዚያ አንዲት ቃል ተናገሩ፤ "ሲግ።"

አይተውት ያውቃሉ? በጭራሽ። አባታቸውስ? እሳቸውም አላዩም። ቃሉን የሰሙት ከአያታቸው ነው፤ አያታቸውም ገና ልጅ ሳሉ ከሽማግሌ የሰሙት ይሁን በዓይናቸው ያዩት እርግጠኛ አይደሉም። "ቀንድ ያለው፣ ፊቱ ረጅም፣ በሜዳ የሚሮጥ ብለው ነግረውኛል፤ ይሄ መሰለኝ" አሉን። ወገኖቼ፣ ተሳስተው አልነበረም። በሶማልኛ ስሙ ሲግ ነው፤ ፎቶው ላይ ያለው ደግሞ በሳይንስ ስሙ የስዋይን ቆርኬ የሚባለው ነው። መኖሪያው የነበረው ሜዳ ከዚህ ከቀፊራ በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ አይሆንም።

ታሪኩን ከመጀመራችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ፤ ዓመቶቹን የምንጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ የእኛ ሲሆን እንናገራለን። (ባለፈው ጽሑፋችን ላይ ዓመት አምታታችሁ ብላችሁ የወቀሳችሁን ሁሉ ሰምተናል።)

ድሬዳዋ ከመቆርቆሯ በፊት፣ ባቡሩም ሐዲዱም ሳይታሰብ፣ ሃራልድ ጆርጅ ካርሎስ ስዋይን የሚባል የእንግሊዝ ጦር መሐንዲስ መኮንን በሶማሊ አገር ይመላለስ ነበር። በ1885 እና በ1893 መካከል ያደረጋቸውን ጉዞዎች በመጽሐፍ አድርጎ በ1895 አሳተመ፤ መጽሐፉ አሥራ ሰባት ጉዞዎች በሶማሊላንድ የሚል ነው። ካርታ ይነድፋል፣ መንገድ ይለካል፣ በየመሃሉ ደግሞ ይተኩሳል። ብዙ ይተኩሳል! ከጎሊስ ተራራ ሰንሰለት ወደ ደቡብ አልፎ ሀውድ ሲገባ፣ ዛፍ የሌለበት የሣር ሜዳ ይዘረጋል። ከጅግጅጋ ወደ ምዕራብ ያለው የመራር ሜዳም እንደዚያው ነው። በእነዚህ ሜዳዎች ላይ ቆርኬዎች በአንዱ መንጋ በመቶዎች እየሆኑ፣ እንዲህ ያለ መንጋም በአንድ እይታ ብዙ እየታየ ሲግጡ እንደነበር ይተርካል። እስቲ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አስቡት፤ ዛሬ የጅግጅጋን መንገድ በአይሱዙ ስታልፉ የምታዩት ሜዳ ቀይ ቡናማ ሆኖ ሲንቀሳቀስ።

በ1892 ለንደን ውስጥ ፊሊፕ ስክሌተር የተባለ የእንስሳት ሊቅ ይህንን ዘር ከሌሎቹ ቆርኬዎች ለይቶ ገለጸና ለስዋይን ክብር ስሙን ሰጠው። እዚህ ላይ ትንሽ እንተንፍስ። እንስሳው ለስንት ትውልድ ሲግ ሲባል፣ በኦሮምኛ ቆርኬ ሲባል ኖሮ ኖሮ፣ በመጨረሻ በዓለም መዝገብ የገባው በተኳሹ ስም ነው። ከዚያም ወዲህ ስዋይን እያልን እንጠራዋለን፤ እኛም ጭምር።

መልኩ እንዴት ነው? ገላው ጥቁር ቸኮሌት የመሰለ ቡናማ ነው፤ የጠጉሩ ጫፍ ነጣ ስለሚል ከቅርብ ሲያዩት ብር የተረጨበት ይመስላል። ፊቱ ላይ ጥቁር አለ፣ ከትከሻው እስከ ጉልበቱም ጥቁር አለ። ትከሻው ከፍ፣ ዳሌው ዝቅ ያለ ስለሆነ የቆመ ሁሉ ዳገት ላይ የቆመ ነው የሚመስለው። ቀንዱ ወደ ጎን ወጥቶ ይታጠፍና ወደ ኋላ ይመለሳል። መልከ መልካም ነው ብለን አንዋሽም። ግን ሲሮጥ ያየ ሰው ስለ ፊቱ አያወራም፤ ቆርኬ በሰዓት እስከ 70 ኪሎ ሜትር ይሮጣል።

ታዲያ ምን በላው?

መልሱ አንድ አይደለም፤ ግን አንዱ ከሁሉም ይከፋል። አማርኛችን አንዳንድ ጊዜ ምጸተኛ ነው፤ ከብት የጨረሰውን በሽታ "ደስታ" ብሎ ይጠራዋል። በ1887 ኢጣሊያኖች በምፅዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር ገባ። ኩፍኝን የሚያመጣው ቫይረስ ዘመድ ነው፤ ሰኮናቸው የተሰነጠቀ እንስሳትን ይይዛል፤ ትኩሳት፣ የአፍ ቁስል፣ ተቅማጥ፣ ከዚያ በሳምንት በአሥር ቀን ሞት። በኢትዮጵያ ከብቶች ውስጥ ከአሥሩ ዘጠኙን እንደፈጀ ይገመታል። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፣ እርሻ ሲቆም ረሃብ ገባ፤ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም በእኛ አቆጣጠር "ክፉ ቀን" የተባለው እርሱ ነው። ይህን ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረናል።

ያልተማርነው ቀሪው ነው። ደስታ የበሬ በሽታ ብቻ አልነበረም። ጎሽ፣ አጋዘን፣ ቆርኬ፣ ሁሉንም ያዘ። ለሰው ክፉ ቀን ብለን ስም አወጣንለት፤ ለሜዳው እንስሳ ግን ክፉ ቀኑን የቆጠረለት የለም። የሞተው በሬ ባለቤት አለው፣ ይለቀሳል፣ ይጻፋል። በመራር ሜዳ ላይ የወደቀው ሲግ ግን የማን ነበር? በሽታው እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ወረደ፤ በሶማሊ ምድር በኩልም በዚያው መቶ ዓመት ማብቂያ አካባቢ የቆርኬውን መንጋ ክፉኛ ቀጥፎት አለፈ።

ከበሽታ የተረፈው ለምን አላገገመም የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ጎሽም ቆርኬም በሌላ አገር አገግሟል። እዚህ ግን የመጣው ሁሉ ተደራርቦ መጣ። ከኤደንና ከህንድ ፈቃድ እየወሰዱ በበርበራ የሚገቡ የእንግሊዝ መኮንኖች ሶማሊላንድን የአደን መናፈሻ አድርገዋት ነበር። ከዚያ ሳይቆይ በሳይድ መሐመድ አብዱላ ሐሰን የሚመራው የደርቪሾች ጦርነት መጣ፤ ከ1899 እስከ 1920 ሃያ ዓመት ሙሉ ያ ሜዳ የጦር ሜዳ ሆነ። ጅግጅጋ ላይ የነበረው የኢትዮጵያ ጦር የተጠቃው በመጋቢት 1900 ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ጠመንጃ የያዘ የተራበ ሠራዊት፣ ዛፍ በሌለው ሜዳ፣ ሥጋው ብዙ፣ መደበቂያ የሌለው እንስሳ። ማን ስንት እንደበላ የጻፈ አናውቅም፤ ግምታችን ግን ግምታችን ነው። ሰላም ሲሆን ደግሞ ከ1950ዎቹ ጀምሮ በሀውድ ውስጥ ቢርካ፣ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ፣ እየበዛ ሄደ። ለአርብቶ አደሩ በረከት ነው፤ ድሮ በክረምት ብቻ ይደረስበት የነበረው ሣር በበጋም በከብት መጋጥ ጀመረ። ለሲግ ግን የመጨረሻዋ ጓዳ ተከፈተች።

በሶማሊላንድ በኩል በ1930 ገደማ ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። በእኛ በኩልም ከሐረር ጋራ ማዶ፣ ከጅግጅጋና ከሀውድ ሜዳ፣ ከጠፋ ቆይቷል።

የእኛን ከተማ ከዚህ ውስጥ እናውጣት ወይ? ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር ጋራ ላይ መውጣት ከበደውና ሥሩ ላይ ቆመ፤ በታኅሣሥ 1902 ድሬዳዋ፣ ያኔ "አዲስ ሐረር" የተባለችው፣ ተወለደች። ያኔ ደስታው አልፎ ነበር። ስለዚህ ድሬ ሲግን አልገደለችውም፤ ይህን ለከተማችን ክብር እንመሰክራለን። ግን የድሬ ልጆች ገና ከመጀመሪያው የተወለድነው እንስሳው በሌለበት ዓለም ውስጥ ነው። ለዚህ ነው ቀፊራ ላይ ያን ሁሉ ሰው ጠይቀን አንድ ሰው ብቻ ያገኘነው። ያልነበረ ነገር አይናፍቅም። ደቻቱ ደርቆ ሲታይ ወንዝ መሆኑን የሚረሳ እንግዳ አለ አይደል? ሐምሌ 1998 ዓ.ም ማብቂያ ላይ ሌሊቱን ምን እንዳደረገን የምናውቅ ግን አንረሳም። ሜዳውም እንደዚያው፤ ያየው ሰው ሲያልቅ ባዶው ልክ ይመስላል።

አንዱ ጓደኛችን እዚህ ላይ ተቃወመን። (ስሙን አንጠራም፣ ያነበዋል።) "ኬንያ ሄዳችሁ እዩ እንጂ፣ ቆርኬ ሞልቷል! ቀለሙ ትንሽ ቢለይ ምን ይሆናል?" አለ። እውነት ነው፤ በኬንያና በታንዛኒያ ኮንጎኒ የሚባለው ቆርኬ አለ፤ ንዑስ ዝርያው ሌላ ነው። የሳይንስ ሰዎችም ንዑስ ዝርያ የሚባለው መስመር የት ላይ እንደሚሰመር እርስ በርስ ይከራከራሉ። እኛ የእንስሳት ሊቅ አይደለንም። ግን ክርክሩን እንዲህ እናየዋለን፤ የድሬ አማርኛ ቢጠፋ የአዲስ አበባ አማርኛ አለ ብሎ የሚጽናና ካለ እሱ ድሬ ኖሮ አያውቅም።

ደግሞም "ቀለም ብቻ" ብሎ መናቅ ዋጋ እንዳለው ከሰሜን አፍሪካ እንማር። ከሞሮኮ እስከ ግብፅ ይኖር የነበረ ቡባል የሚባል ቆርኬ ነበር። የመጨረሻዋ የታወቀች እንስት በ1923 ፓሪስ ውስጥ በእንስሳት ማቆያ ሞተች። ዛሬ ቡባል የለም። ከአሥርት ዓመታት ፍለጋና ጥርጣሬ በኋላ ነው በይፋ ጠፋ የተባለው።

ሁለተኛውና ለእኛ የሚያሳፍረው ቶራ ነው። ቶራ ቆርኬ የእኛው ነው፤ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በምዕራብ ኤርትራና በምሥራቅ ሱዳን፣ በሰቲትና በአትባራ ወንዞች አካባቢ ይኖር ነበር። ከስዋይኑ የሚለየው ጥቁር ምልክት የሌለው፣ አሸዋማ ፈዛዛ በመሆኑ ነው። ጆን ኤድዋርድ ግሬይ በ1873 ነው ለይቶ የሰየመው። ከዚያ በፊት በ1861 ሳሙኤል ቤከር የአባይን ገባሮች እየተከተለ ሲሄድ "ቴቴል" እያለ በዐረብኛ ስሙ ይጠራውና ያድነው ነበር። በቤከር ጊዜ ለእራት የሚታደን ተራ እንስሳ ነበር። ዛሬ በዓለም የቀይ መዝገብ ላይ የተጻፈው እጅግ በጣም ለመጥፋት የተቃረበ ተብሎ ነው፤ ጭራሽ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል የሚሉም አሉ።

"ጠፍቶ ሊሆን ይችላል" የሚለው ሐረግ ነው እንቅልፍ የነሳን። የሞተ ሰው ይቀበራል፣ ሰልስት ይወጣለታል፣ ይረሳል። የጠፋ ሰው ግን ምን ይደረግለታል? ቶራ ያለበት አገር መተማ፣ ቋራ፣ ሁመራ ነው። በዚያ በኩል የሰሊጥ እርሻ ደኑን እየበላ የሄደ፣ ድንበር የሚያነካካ፣ ከ2020 ወዲህ ደግሞ ጦርነት ያየ ምድር ነው። ማን ሄዶ ይቆጥራል? አላጢሽ ብሔራዊ ፓርክ ቋራ ውስጥ አለ፤ ፓርክ መኖሩ ግን ቶራ መኖሩ አይደለም። በመሃል ያለውን እንስሳ "አለ" ብለን አንጠብቀውም፣ "የለም" ብለን አናለቅስለትም።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል አንድ የውጭ ታሪክ እንጨምር። በአሜሪካ ፍሎሪዳ የባሕር ዳርቻ፣ ባሕሩ ራሱ አሸዋ እየከመረ የሠራቸው ረዣዥም ደሴቶች አሉ። በእነዚያ የአሸዋ ክምሮች ላይ ብቻ የሚኖሩ፣ እንደ አሸዋው ነጣ ያሉ የአይጥ ንዑስ ዝርያዎች ነበሩ፣ ጥቂቶቹ አሁንም አሉ። አንዷ ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው በ1959 ነው። ጥፋቷ ምን ነበር? ደሴቷ ጠባብ ነበረች። ቤት ተሠራ፣ ድመት መጣ፣ ሌላ መሄጃ አልነበራትም። አይጥ ናት ብላችሁ አትሳቁ፤ አሁን የእኛን ደሴት ልናሳያችሁ ነው።

ሰንቀሌ ትባላለች። ከሻሸመኔ ወደ ሀላባ በሚወስደው መንገድ፣ አጄ አጠገብ። ባሕሯ የበቆሎ እርሻና የሰው መንደር ነው፤ 54 ካሬ ኪሎ ሜትር ተብላ ትጠቀሳለች። በ1963 የዩኔስኮ ልዑክ በጁሊያን ሀክስሌ መሪነት አገራችንን ካየ በኋላ የዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ በ1970ዎቹ ደግሞ ሰንቀሌ ለስዋይን ቆርኬ ሲባል ብቻ መጠለያ ሆነች። ለአንድ እንስሳ ብቻ! ይህን ያሰቡ ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል። ከመቶ ዓመት በፊት ሀውድን ይሸፍን የነበረው እንስሳ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ በቀረችለት ኪስ ተሰበሰበ።

እንቁላልን በአንድ ቅርጫት አታስቀምጥ ተብሎ ይሁን፣ በ1974 ከሰንቀሌ እየተያዙ ወደ አዋሽና ወደ ነጭ ሳር ተወሰዱ። አዋሽ ላይ አልበረከቱም። ነጭ ሳር ላይ ለጊዜው ቆይተው እየመነመኑ ሄዱ። በ1991 ደርግ ሲወድቅ ደግሞ እንደሌሎቹ ፓርኮች ሁሉ ሰንቀሌም ጠባቂ አልባ ሆነች፤ ከሺህ በላይ ይቆጠር የነበረው መንጋ ወደ መቶዎች ወረደ። በአካባቢው ሕዝብ ላይ መፍረድ ቀላል ነው፤ እኛ ግን አንፈርድም። መሬቱ ተወስዶበት ለአንድ ለማይታለብ እንስሳ የተሰጠበት ገበሬ፣ መንግሥት ሲወድቅ መጀመሪያ የሚያስታውሰው ያንን ነው። አጥሩ የቆመው በሰው ልብ ውስጥ አልነበረማ።

ግን ጨርሶ አላለቀም፣ መልካሙ ዜና ይሄ ነው። ሰንቀሌ አገገመች፤ በደቡብ ደግሞ በ2005 የተቋቋመው የማዜ ብሔራዊ ፓርክ ሁለተኛዋ ደሴት ሆነ። ዛሬ በዓለም ላይ ያለው የስዋይን ቆርኬ በጠቅላላ ቢበዛ አንድ ሁለት ሺህ ነው፤ ያም ሁሉ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፣ ሌላ አገር የለውም። በ2000 የታተመ የዘረ-መል ጥናት እንዳሳየው ደግሞ የቀሩት ቁጥራቸው ካነሰው በላይ በውስጣቸው ብዝኃነት አላቸው፤ ያ የድሮው ትልቅ መንጋ ደም ገና አልቀጠነም ማለት ነው። ደስታውም ቢሆን ቀድሞ ሞቷል፤ በ2011 ከምድረ ገጽ መጥፋቱ በይፋ ታወጀ። ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ነው። ገዳዩ ሞቶ ሟቹ ጥቂት ቀርቶለታል።

ይህን ሁሉ ለአዴር ባይሆንም አሳጥረን ነገርናቸው። ሻያቸው ቀዝቅዞ ነበር። "አለ ነው የምትሉኝ?" አሉ።

"አለ አዴር። ሻሸመኔ አጠገብ።"

"ሻሸመኔ?" ሳቁ። "ምን ሊያደርግ ሄደ?"

መልስ አልነበረንም። ቀጥለው ወደ ጅግጅጋ ሜዳ መልሶ ማምጣት ይቻል እንደሆነ ጠየቁን። እኛም ሐቁን ተናገርን፤ ሣሩ፣ ከብቱ፣ እርሻው፣ ከተማው። "አዎ" አሉ፣ "የእኔም ከብት እዚያ ነው።" አልተከራከሩንም፣ አላዘኑምም። ሒሳቡን ከእኛ በላይ ያውቁታል።

ስልካቸው የድሮ ስለሆነ ፎቶውን መቀበል አይችልም። የልጅ ልጃቸውን ቁጥር ሰጡንና ለእሱ በቴሌግራም ላክንለት። ከደቂቃ በኋላ መልስ መጣ፤ "ምንድን ነው ይሄ?" አዴር ስልኩን ከእጃችን ተቀብለው በድምፅ መልእክት በሶማልኛ ረዘም አድርገው ነገሩት። እኛ ከመሃሉ የለየናት ሲግ የምትለዋን ብቻ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ደጋግመዋታል።

ሰንቀሌ ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ ጻፉልን። ከእኛ ሁለታችን ወስነናል፤ ሦስተኛው ገና የመኪና ብር እየፈለገ ነው።